«መሣሪያው በቀዝቃዛ ሁኔታ ተገኝቷል»፦ ከርነሉ የሚናገረው ስለ መንዝ ብርድ ነውን?

ጥያቄ፦ ከ«የመሐል ሜዳ መምህር»

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። በመሐል ሜዳ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ስሆን፣ የኮምፒውተር ክፍሉም ኃላፊነት በእኔ ላይ ነው። ከክፍሉ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ፣ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ የሚወርደውን ሥርጭት እየተቀበለ ትምህርታዊ ዝግጅቶችን የሚቀዳልን ትንሽ የዩኤስቢ ሪሲቨር ገጥመናል። ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስም ዴቢያን ሊኑክስም ተጭነዋል፤ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች በዊንዶውስ ይለማመዱበታል፣ ጠዋት ደግሞ እኔ በሊኑክስ አስነሥቼ እቀዳበታለሁ።

ችግሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ሪሲቨሩ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል፤ ሌላ ቀን ግን ኮምፒውተሩ ጭራሽ እንደሌለ ይቆጥረዋል። በማይሠራበት ቀን የከርነሉን (የሊኑክሱን ዋና እምብርት) መልእክቶች ሳነብ የማገኘው ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ «መሣሪያው በቀዝቃዛ ሁኔታ ተገኝቷል፤ ፈርምዌር ለመጫን ይሞከራል» የሚል ሲሆን፣ ከሥሩ «የፈርምዌሩ ፋይል አልተገኘም፣ -2» የሚል ይከተላል። በሚሠራበት ቀን ግን «በሞቃት ሁኔታ ተገኝቷል» ይልና ሥራውን ይቀጥላል።

ከተማችን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ መሆኗን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭም ምን ያህል እንደሆነ አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ባልደረቦቼ «ብርዱ ነው» አሉ፤ መልእክቱም ራሱ «ቀዝቃዛ» ስለሚል እኔም አመንኩ። የጥበቃ ሠራተኛችን ባናቸውን አውሰውኝ ሪሲቨሩን ጠቅልዬ ሦስት ሌሊት አሳደርኩት። ሁለቱን ቀን ሠራ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዱ አልሠራም። ይህ መሣሪያ በእርግጥ የሙቀት መለኪያ አለውን? ከሆነስ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው «ሞቃት» የሚባለው?

መልስ 1፦ ከ«የጠባሴው ጠጋኝ»

መምህር፣ ባናውን ለባለቤቱ ይመልሱላቸው፤ በዚህ ወር ከሪሲቨሩ ይልቅ ለእሳቸው ያስፈልጋቸዋል። የደብረ ብርሃንም ብርድ ከመሐል ሜዳው ብዙም አይተናነስምና፣ እንዲህ ያለው ግምት ወደ እኔ ሱቅ በሚመጡ ደንበኞችም ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በእርስዎ መልእክት ውስጥ ያሉት «ቀዝቃዛ» እና «ሞቃት» የሚሉት ቃላት ከአየሩ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። «ቀዝቃዛ» ማለት መሣሪያው የሚሠራበትን ፕሮግራም (ፈርምዌሩን) ገና አልተቀበለም፣ ባዶ ነው ማለት ሲሆን፣ «ሞቃት» ማለት ፕሮግራሙ ቀድሞ በውስጡ ተጭኖ በመሮጥ ላይ ነው ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት እንዲህ ያለ ሪሲቨር ከፍተው ቢመለከቱ፣ ብዙ ጊዜ ከዩኤስቢው ገመድ አጠገብ የሳይፕረስ ኩባንያ ሥሪት የሆነ ቺፕ ያገኛሉ። በዚህ ቺፕ ውስጥ የ8051 ቤተሰብ የሆነ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ፤ ኤፍኤክስ2ኤልፒ በተባለው ዓይነት ላይ ደግሞ ለፕሮግራምና ለዳታ የሚያገለግል 16 ኪሎባይት ራም አለው። አምራቾች ወጪ ለመቀነስና ስሕተት ሲገኝ በቀላሉ ለማረም ሲሉ የመሣሪያውን ዋና ፕሮግራም በቋሚ ሚሞሪ ላይ አያስቀምጡትም፤ በውስጡ የሚያስቀምጡት «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ነው። መሣሪያው ሲሰካ ያንን ቁጥር ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ከርነሉም ቁጥሩን በድራይቨሮቹ (መሣሪያዎችን በሚያሠሩት ፕሮግራሞች) ሠንጠረዥ ውስጥ ሲያገኘው ባለቤት የሆነውን ድራይቨር ይጠራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ክፍል ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ በቺፑ መቆጣጠሪያ ሬጅስተር (ትንሽ የትእዛዝ ማኖሪያ) ላይ 1 ይጽፍና ትንሹን ፕሮሰሰር ያስቆመዋል። ቀጥሎ ፈርምዌሩን ከፋይሉ እየቆረሰ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ ከሚቀመጥበት አድራሻ ጋር በዩኤስቢ መቆጣጠሪያ መስመር እያሳለፈ በቺፑ ራም ውስጥ ይጽፈዋል። ጽፎ ሲጨርስ በዚያው ሬጅስተር ላይ 0 ይጽፋል፤ ፕሮሰሰሩም ነቅቶ አዲሱን ፕሮግራም መሮጥ ይጀምራል። የዚያ ፕሮግራም የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ ራሱን ከዩኤስቢው መስመር ነቅሎ፣ ማንም ሰው ገመዱን ሳይነካ፣ በሌላ መታወቂያ ቁጥር እንደገና መሰካት ነው። ከርነሉ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ሲያይ ነው «በሞቃት ሁኔታ ተገኝቷል» የሚለው። አንዱ መሣሪያ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ስም ይመዘገባል ማለት ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ሊኑክስ የፈርምዌሩ ፋይል ከሌለው፣ አንዳንድ ቀን እንዴት «ሞቃት» ሆኖ ተገኘ? የዊንዶውሱ ድራይቨር ፈርምዌሩን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ሲጠቀሙ ቺፑ ፕሮግራሙን ይቀበላል። ቺፑ ያንን ፕሮግራም የሚረሳው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሳይሆን 5 ቮልቱ ሲቋረጥበት ብቻ ነው። ብዙ ዴስክቶፖች ደግሞ ጠፍተው እንኳ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ እስካልተነቀሉ ድረስ ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቻቸው 5 ቮልት መስጠታቸውን አያቋርጡም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ መብራት ይኖራልን፣ ወይስ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን አጥፍታችሁ ነው የምትሄዱት?

የጠያቂው ምላሽ

እጅግ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎን እንዳነበብኩ የማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ክፍሉን የሚዘጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ማከፋፈያውን ሁልጊዜ ያወርዳሉ፣ ሁለተኛው ግን ኮምፒውተሮቹን አጥፍተው ብቻ ይሄዳሉ። ካለፉት አሥራ አንድ የሥራ ቀናት ውስጥ ሪሲቨሩ ያልሠራው ማከፋፈያው በወረደባቸው አምስት ቀናትና የከተማው መብራት ሌሊት በጠፋበት በአንድ ቀን ነው። ባናው በሦስተኛው ሌሊት ያልሠራበትም ምክንያት ያው ነው፤ ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር።

ታዲያ ማከፋፈያው እንዳይወርድ ማድረግ መፍትሔ አይሆንምን?

መልስ 2፦ ከ«ሸዋ ሮቢት ቆላ»

ለጠባሴው ወንድማችን ማብራሪያ ማስረጃ ልጨምርለት። እኔ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፤ እዚህ በሚያዝያ ሙቀት ጥላ ሥር እንኳ መቀመጥ ሲያስቸግር፣ ተመሳሳይ ሪሲቨሬ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር «በቀዝቃዛ ሁኔታ ተገኝቷል» ይባላል።

ማከፋፈያውን ክፍት ማሳደር መፍትሔ አይደለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ዊንዶውስን አስነሥተው ከዚያ ወደ ሊኑክስ ሊመለሱ ነው፤ እንዲህ ያለው ኑሮ አንድ ተርም አያቆይዎትም። ከዚያም በላይ፣ ማከፋፈያውን የሚያወርዱት ሰው ትክክል ናቸው፤ እሳቸውን ማስተው ተገቢ አይሆንም። መፍትሔው ሊኑክሱ ራሱ ፈርምዌሩን እንዲጭን ማድረግ ነው።

የ-2 ትርጉም ቀላል ነው፦ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም»። መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ገመዱ ተቆርጧል ማለትም አይደለም። ድራይቨሩ የፋይሉን ስም ብቻ ለከርነሉ ይሰጣል፤ ከርነሉ ደግሞ የሁሉ መነሻ በሆነው ሥር ማውጫ (ፎልደር) ውስጥ ካለው «ሊብ» ውስጥ ወደሚገኘው «ፈርምዌር» ወደተባለ ማውጫ ሄዶ ይፈልጋል። ቅደም ተከተልም አለው፦ በመጀመሪያ «አፕዴትስ» በተባለው ንዑስ ማውጫ ውስጥ በከርነሉ ሥሪት ቁጥር የተሰየመውን፣ ቀጥሎ ራሱን «አፕዴትስ»ን፣ ከዚያ በቀጥታ በሥሪት ቁጥሩ የተሰየመውን፣ በመጨረሻ ዋናውን ማውጫ ያያል። የፋይሉ ስም በመልእክቱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል በሊኑክስ ላይ የተለያዩ መሆናቸውን ብዙ ሰው ይዘነጋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዊንዶውስ ላይ ያወረድኩት ፋይል መጨረሻው ላይ ሳላይ ሌላ ቅጥያ ተጨምሮበት ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በከንቱ አልፏል።

ፋይሉ ለምን ከመጀመሪያው ከሊኑክሱ ጋር እንዳልመጣ ሊገርምዎት ይችላል። ፈርምዌር የአምራቹ ንብረት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የምንጭ ኮዱ አይሰጥም፣ አንዳንዴም እንዲባዛ አይፈቀድም። በዚህ ምክንያት ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ተለይቶ በሌላ ማኅደር ይቀመጣል፤ በከርነሉ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ፋይሎችም በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥሪት 4.14 ላይ ተወግደዋል። ዴቢያንም ለረጅም ዘመን እነዚህን ፋይሎች በመጫኛው ላይ ሳያካትት ቆይቶ፣ አባላቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ድምፅ ከሰጡ በኋላ በሰኔ 2023 በወጣው ዴቢያን 12 ላይ ማካተት ጀምሯል። በዕድሜ የቆየ ሥሪት ከሆነ የያዙት፣ «ነጻ ያልሆነ» የተባለውን የጥቅል ክፍል ከፍተው ፈርምዌሮቹን ማስገባት ይኖርብዎታል። በጥቅሎቹ ውስጥ ከሌለም፣ ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ጋር የቴሌቪዥን መሣሪያዎችን ፈርምዌር ከአምራቹ የዊንዶውስ ድራይቨር ውስጥ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ከማይታወቅ ድረ ገጽ ግን አያውርዱ፤ ይህ ፋይል የሚሮጠው በመሣሪያው ውስጥ ስለሆነ ጸረ ቫይረስ አያየውም።

ኢንተርኔት ከሌለዎት፣ የእጅ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው ኔትወርኩን ማጋራት ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው ድራይቨር ምንም ፈርምዌር ከኮምፒውተሩ አይፈልግም፤ ስልኩ የራሱን ፕሮግራም በራሱ ይዟልና። የገመድ አልባ ካርድ ፈርምዌር ለማውረድ ኔትወርክ፣ ለኔትወርኩ ደግሞ ፈርምዌር ያስፈለጋችሁ ሰዎችም በዚህ መንገድ ከዚያ ቀለበት ትወጣላችሁ።

የጠያቂው ምላሽ

ፋይሉን በስልኬ ኔትወርክ አግኝቼ በቦታው አስቀመጥኩ። ሪሲቨሩን ነቅዬ ስሰካው ወዲያው «ቀዝቃዛ»፣ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ «ሞቃት» አለ፤ ምስሉም መጣ። ደስ ብሎኝ ማከፋፈያውን አውርጄ ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ኮምፒውተሩን ሳስነሣ ያው -2 ተመልሶ መጣ። ነቅዬ ስሰካው ይሠራል። ፋይሉ በቦታው አለ፤ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ያለ ፋይል እንዴት «የለም» ይባላል?

መልእክቶቹን ደግሜ ሳያቸው -2 የሚለው የተጻፈው ኮምፒውተሩ ከተነሣ በ2.3 ሰከንድ ላይ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ይህንን ከርነል ራሱ ኮምፓይል እንዳደረገው (ከምንጭ ኮዱ እንደሠራው) ሰምቻለሁ፤ ይህ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የጨመርኩት።

መልስ 3፦ ከ«እነዋሪ»

መጨረሻ ላይ የጨመሩት ዐረፍተ ነገር ነው መልሱ። በመልእክቶቹ ውስጥ ዋናው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎቹ ያሉበት ዲስክ) የተከፈተበትን መስመር ይፈልጉና ሰዓቱን ያስተያዩ፤ ከ2.3 ሰከንድ በኋላ ሆኖ እንደሚያገኙት እገምታለሁ።

ድራይቨር በሁለት መንገድ ሊኖር ይችላል። አንደኛው እንደ ሞጁል ሆኖ በዲስኩ ላይ ለብቻው መቀመጥ ነው፤ ይህ ከሆነ ድራይቨሩ ራሱ የሚገኘው በዲስኩ ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ሳይከፈት አይጫንም፣ ስለዚህ ፈርምዌሩም አብሮ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ከከርነሉ ጋር አንድ ሆኖ መሠራት ነው። ያ ባለሙያ፣ ምናልባት ለፍጥነት ብሎ፣ የሪሲቨሩን ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ አዋሕዶታል። ከርነሉ ሲነሣ የዩኤስቢ መስመሩን ይፈትሻል፣ መሣሪያውን ያገኛል፣ ድራይቨሩም በእጁ ስላለ ወዲያው ይጠራዋል፣ ድራይቨሩም ፋይሉን ይጠይቃል፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ፋይሉ ያለበት ዲስክ ገና አልተከፈተም። የዩኤስቢ ፍተሻውና የዲስኩ መከፈት ጎን ለጎን የሚሄዱ ስለሆኑ፣ አንዳንድ ጠዋት ዲስኩ ቀድሞ ሊገኝና መሣሪያው ሊሠራ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ብልሽት ደግሞ ሁልጊዜ ከሚታየው ይልቅ ሰውን ያደክማል።

«ታዲያ ከርነሉ ቆይቶ ለምን ደግሞ አይሞክርም?» ቢሉ፣ ድራይቨሩ የመለሰው «ፋይሉ የለም» የሚል ቁርጥ ያለ መልስ ነው። ከርነሉ ቆይቶ የሚሞክረው ድራይቨሩ «አሁን አልተመቸኝም፣ በኋላ ጥራኝ» የሚለውን ልዩ መልስ ሲሰጥ ብቻ ነው። ይህን ያላለ መሣሪያ እስኪነቀልና እስኪሰካ ድረስ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

የኋላ ታሪኩን ለሚወድ ሰው፦ ቀድሞ ከርነሉ ፋይሉን ራሱ አይፈልግም ነበር። ዩዴቭ ለተባለው፣ ከከርነሉ ውጭ ለሚሮጥ ፕሮግራም መልእክት ልኮ፣ እሱ እስኪያመጣለት እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቅ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ዩዴቭ አሠራሩን ሲለውጥ፣ ድራይቨሩ ፈርምዌሩን እየጠበቀ፣ ዩዴቭም ድራይቨሩ ተጭኖ እስኪጨርስ እየጠበቀ፣ ሁለቱ ተያይተው የሚቆሙበት ሁኔታ ተፈጠረ፤ ጣጣው ጎልቶ ከታየባቸው አንዱ ደግሞ የቴሌቪዥን መቀበያ ድራይቨሮች ናቸው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ገብቶበት፣ በዚያው ዓመት በወጣው ሥሪት 3.7 ላይ ከርነሉ ፋይሉን በቀጥታ ከዲስክ እንዲያነብ ሆነ። በ2014 እ.ኤ.አ. ዩዴቭ ይህን ሥራ ፈጽሞ ተወው። በእኔ አስተያየት ለውጡ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ዲስኩ ሳይከፈት ለሚጠይቅ ድራይቨር ዛሬም መልሱ -2 ነው።

ለእርስዎ የማቀርበው ምክር ድራይቨሩን ሞጁል አድርጎ ከርነሉን እንደገና መሥራት፣ ወይም ይበልጥ የሚቀለውን፣ የዴቢያንን መደበኛ ከርነል መልሶ ማስገባት ነው፤ በእሱ ላይ ይህ ድራይቨር ሞጁል ነው። የግድ አሁን ያለውን ከርነል ማቆየት ካለብዎ፣ ፈርምዌሩን ከርነሉ ሲነሣ ቀድሞ በሚዘረጋው ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት ማለትም በኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ በዚያው ማውጫ ሥር ማስገባት ይቻላል። ፈርምዌሩን ከከርነሉ ጋር አብሮ ማዋሐድም ይቻላል፤ ለዚህ የተዘጋጀ የኮንፊገሬሽን አማራጭ አለ። ይህኛውን ግን ለትምህርት ቤት አልመክርም፤ ፋይሉ በተሻሻለ ቁጥር ከርነሉን እንደገና መሥራት ያስፈልጋልና፣ ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣው መምህርም እርስዎ ዛሬ ባሉበት ቦታ ይገኛል።

የጠያቂው ምላሽ

ዲስኩ የተከፈተው በ3.9 ሰከንድ ላይ ነበር። መደበኛውን ከርነል መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ማከፋፈያው በየማታው እየወረደ አራት ጠዋት አልፏል፤ በአራቱም መልእክቱ መጀመሪያ «ቀዝቃዛ»፣ ቀጥሎ «ሞቃት» ይላል፣ ከ-2 አንድም የለም። ዊንዶውስን ማንም ሳያስነሣ ነው ይህ የሆነው።

አንድ ቀሪ ጥያቄ አለኝ፦ አሁን በመልእክቶቹ መካከል መሣሪያው «ተነቅሏል» የሚል መስመር በየጠዋቱ አያለሁ። ገመዱ ላልቶ ይሆን?

መልስ 4፦ ከ«የጠባሴው ጠጋኝ»

አልላላም። ያ ፈርምዌሩ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ቺፑ ራሱን ነቅሎ በሁለተኛ ስሙ የሚመለስበት ቅጽበት ነው። ከ«ቀዝቃዛው» መስመር በኋላ፣ ከ«ሞቃቱ» በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ከታየ እንዳለ ይተዉት። በቀረጻ መካከል ከታየ ግን ገመዱን ያጠራጥራልና፣ ያን ጊዜ በሌላ አጭር ገመድ ይሞክሩት።